ሸራን ሳይቀረቀር መጠቅለል፦ ከእንጦጦ የንጉሥ ሰፈር እስከ የካ ዕድሮች



ስለ አዲስ አበባ አመሠራረት በተነሣ ቁጥር ጥያቄያችን ባብዛኛው የሚያተኩረው በመትከል ላይ ነው፤ ማን ተከለ፣ መቼ ተከለ፣ የት ተከለ እንላለን። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት በድንኳን ሲኖር የነበረ ቤተ መንግሥት ድንኳኑን እንዴት ይነቅል ነበር? በሺህ የሚቆጠር ሸራ በአንድ ጧት ወርዶ፣ ተጠቅልሎ፣ ተጭኖ፣ በማግስቱ በሌላ ሜዳ ሳይቀላቀልና ሳይወሳሰብ የሚቆመው በምን ዘዴ ነበር? ጥያቄው የጓዝ አስተዳደር ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከእንጦጦ ጋራ እስከ የካ ሰፈሮች ድረስ ያለችው ከተማ ዛሬ የያዘችው መልክ፣ በእኔ እምነት፣ ከዚህ የመጠቅለል ሥርዐት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛ «ሸራ» ስንል የድንኳኑንም የመርከቡንም ጨርቅ ማለታችን ነው። በዐረብኛ «ሺራዕ» የመርከብ ሸራ ነው፤ የሁለቱን ቃላት ቅርበት ለማስተዋል የቋንቋ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ድንኳኑ ምሰሶ እንዳለው መርከቡም ምሰሶ አለው፤ ሁለቱም በገመድ ይወጠራሉ፤ የሁለቱም ባላጋራ ነፋስ ነው። ስለዚህ ባሕር የሌላት አገር የታሪክ መምህር ስለ ባለሸራ ጀልባ ጥቂት ቢናገር ከርዕሱ ወጣ አትበሉት። ጀልባው ላይ የሚታየው ችግር የድንኳኑን ችግር ወለል አድርጎ ያሳያልና።

በቀድሞው ዘመን የጀልባ ዋናው ሸራ ሲወርድ ሰዎች ወጥተው፣ ጨርቁን በአግዳሚው ዘንግ ላይ አጥፈው፣ በገመድ ያስሩት ነበር። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ለረጅም ጉዞ በሚያገለግሉ ጀልባዎች ላይ ሌላ ዘዴ ተስፋፋ። ምሰሶው ውስጡ ክፍት ሆኖ ይሠራል፤ በሆዱ ውስጥ ቀጭን ዘንግ ይቆማል፤ ሸራውም በምሰሶው ጀርባ ባለች ጠባብ ስንጥቅ እየገባ በዘንጉ ላይ ይጠቀለላል። አንድ ሰው ብቻውን ገመድ እየሳበ ሊያስገባውና ሊያስወጣው ይችላል። ምቾቱ ትልቅ ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ስንጥቋ ጠባብ ስለሆነች፣ አንድ እጥፋት ወይም አንድ ሽብሽብ በጥቅሉ መካከል ከገባ ጨርቁ ተደራርቦ ይወፍርና ይቀረቀራል። በማዕበል ጊዜ ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ ሆኖ የቀረ ሸራ ጀልባውን ሊያሰጥም የሚችል ነገር ነው።

ልምድ ያላቸው መርከበኞች የሚሰጡት ምክር ቀላል ነው፤ ምክንያቱ ግን ማስተዋል ይጠይቃል። ሸራውን ስታስገባ ጫፉን ወደ ኋላ የሚስበውን ገመድ ፈጽመህ አትልቀቅ፤ እየለቀቅህ በመጠኑ ያዝ፤ ጥቅሉ ጥብቅ የሚሆነው ጨርቁ ሳይላላ ሲገባ ነውና። የጀልባውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አቅርብ፤ ሸራው በሚጠቀለልበት አቅጣጫ መሠረት ከስንጥቋ ጠርዝ ጋር ብዙ የማይፋተግበትን ጎን ምረጥ። አግዳሚው ዘንግ ከምሰሶው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ወደ ቀጥተኛ ማዕዘን የቀረበ ይሁን፤ ዘንጉ በጣም ከወረደ ወይም በጣም ከተነሣ የጨርቁ አንዱ ዳር ይወጠራል፣ ሌላው ይላላል። ያረጀና ሆዱ የተነፋ ሸራ ከአዲሱ ይልቅ ይቀረቀራል። ከተቀረቀረም በዊንች ጉልበት አትሳበው፤ መልሰህ ጥቂት ጠቅልል፣ ጥቂት አውጣ፣ እጥፋቱ እስኪፈታ ድረስ በትዕግሥት ደጋግም።

ከዚህ ሁሉ ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። ሸራው ባብዛኛው የሚቀረቀረው ሲወጣ ነው፤ ስሕተቱ የተሠራው ግን ሲገባ ነው። በመካከላቸው አንድ ሌሊት ወይም አንድ ወር ሊኖር ይችላል። ጠቅላዩ የሥራውን ውጤት የሚያየው በሚቀጥለው ጊዜ፣ ምናልባትም እጅግ በሚቸገርበት ሰዓት ነው።

ወደ ድንኳኑ እንመለስ። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የመጣውና እስከ 1526 የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የነበረውን የንጉሥ ሰፈር በዝርዝር ጽፏል። መጽሐፉ በ1540 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ላይ ታተመ። የንጉሡ ነጫጭ ድንኳኖች ከሜዳው ከፍ ባለው ቦታ ላይ ይተከላሉ፤ በዙሪያቸው እንደ ሰንጠረዥ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተሠራ መጋረጃ ይዞራል፤ የማእድ ቤት ድንኳኖች ራቅ ብለው በቀኝና በግራ ይቆማሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ የየራሳቸው ድንኳንና ቦታ አላቸው፤ ገበያው ደግሞ ከሁሉ ርቆ ይዘረጋል። አልቫሬዝ የድንኳኖቹን ብዛት አምስት ወይም ስድስት ሺህ ያደርሰዋል። ከብዛቱ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ሌላው ምስክርነቱ ነው፦ ሰፈሩ የትም ቢሄድ እያንዳንዱ መኰንን ከንጉሡ ድንኳን በቀኝ ወይም በግራ፣ በቅርብ ወይም በሩቅ የሚተክልበትን ቦታ ያውቀዋል። ሜዳው ይለወጣል፤ የሰፈሩ ካርታ ግን አይለወጥም።

ይህን ካርታ ለማየት የድሮ መጻሕፍት መግለጥ እንኳን አያስፈልግም፤ በማዕርግ ስሞቻችን ውስጥ ተጽፎ ቀርቷል። ፊታውራሪ በፊት የሚመራ፣ ቀኛዝማች በቀኝ የሚዘምት፣ ግራዝማች በግራ የሚዘምት፣ ደጃዝማች የደጁ አዝማች ነው። የሥልጣን ስም የቦታ ስም ነበር፤ ሹመት ማለት በከፊል «ድንኳንህን እዚህ ትከል» ማለት ነበር። በግእዝ ድንኳን «ደብተራ» ይባላል፤ የንጉሡን የድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉት ሊቃውንት «ካህናተ ደብተራ» ተብለዋል። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በጥንቱ ትርጕም የሠራዊት ማረፊያ ነው። «ሰፈር»ም የሰፈሩበት ቦታ ነው። ያልተጠራ ሰው ግብዣ ላይ ሲገኝ ዛሬም «ድንኳን ሰባሪ» እንለዋለን፤ የቦታውን ሥርዐት ጥሶ ገብቷልና።

አሁን የጀልባውን ትምህርት አስታውሱ። በጧት ነጋሪት ተመትቶ አምስት ሺህ ድንኳን ሲነቀል አስቡት። ሥርዐት ከሌለ የአንዱ ካስማ በሌላው ጓዝ ውስጥ ይገባል፤ የአንዱ አውታር ከሌላው ጋር ይወሳሰባል፤ በቅሎዎቹ ይጋፋሉ። ይህ ውስብስብ የሚታየው ግን በዚያው ጧት አይደለም፤ ማታ፣ በዝናብ ውስጥ፣ የንጉሡ ድንኳን ሳይቆም ሲቀር ነው። ቋሚ ቦታ የሚያስፈልገው ለመትከሉ ብቻ ሳይሆን ለመንቀሉም ነበር። በስፍራው የተነቀለ ጓዝ በስፍራው ይጫናል፤ በስፍራው የተጫነም በስፍራው ይራገፋል።

የእጅ ሥራውም የራሱ ዕውቀት ነበረው፤ ይህን ዛሬም ድንኳን የሚተክል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በነፋስ ውስጥ ሲተከል ነፋሱ የሚመጣበት ጎን አስቀድሞ በካስማ ይያዛል፤ ሲነቀል ደግሞ ያ ጎን መጨረሻ ላይ ይለቀቃል። ይህን የገለበጠ ሰው ሸራው በእጁ ላይ ሲነፋ ያያል። ሲጠቀለል ከዝጉው በኩል ተጀምሮ ወደ በሩ ይኬዳል፤ በውስጡ የተያዘው አየር መውጫ እንዲያገኝ። ከጥጥ ወይም ከቃጫ የተሠራ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፤ ስለዚህ ማታ ዝናብ ከመጣ አውታሩን ላላ ማድረግ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ካስማውን ይነቅላል ወይም ጨርቁን ይቀድዳል። እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ የጥጥ ሸራ ደግሞ ይሻግታል፤ ክብደቱም ለበቅሎ መከራ ነው። ድንኳን ተካዮችና ጫኞች በዜና መዋዕል ውስጥ ስማቸው አይገኝም፤ የመንግሥቱ መንቀሳቀስ ግን በእጃቸው ነበር።

ሮናልድ ሆርቫት በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እነዚህን ከተሞች «ተንከራታች» ብሎ ጠርቷቸዋል። ጥናቱ ጠቃሚ ነው፤ ስያሜው ግን ሰፈሩ መድረሻ ያጣ ያስመስለዋል። በየምሽቱ ያንኑ ካርታ በአዲስ መሬት ላይ የሚዘረጋ ሰፈር የተንከራተተ ነው ለማለት እኔ እቸገራለሁ። የተለወጠው ከካርታው ሥር ያለው መሬት ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ሳሉ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ሲያመጡ ይህን ሥርዐት ይዘው ነበር። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ገላጣ ጋራ ነው፤ ለመከላከል የሚመች፣ ለመኖር የሚያስቸግር። ውሃው ሩቅ፣ ብርዱ ጽኑ፣ ነፋሱም በሸራ ለሚኖር ሰው የማይራራ ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች፣ ወደ ፍልውሃ፣ መውረድ ለምዶ ነበር፤ ድንኳን እየተተከለ ይታጠባሉ፣ ይሰነብታሉ፣ ይመለሳሉ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አካባቢ ቤት እንዲሠራ አድርገው ቦታውን አዲስ አበባ ሲሉት፣ ከተማዋ የተወለደችው ከእነዚህ ወጣ ገባ ድንኳኖች መካከል ነው።

ሰፈሩ ያረፈው ግን በባዶ ሜዳ ላይ አልነበረም። የካ የሚለው ስም ራሱ በዚያ ይኖር ከነበረው የኤካ የኦሮሞ ጎሣ የመጣ ነው፤ ጉለሌና ገላንም እንዲሁ። የንጉሡ ካርታ ሲዘረጋ ከሥሩ የሌላ ሰው ካርታ ነበር። ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ሰፈራ ሥርዐት ውበት መናገር ተገቢ አይመስለኝም።

የአሮጌው ሥርዐት ትልቁ ፈተና የዐድዋ ዘመቻ ነው። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ተነገረ፤ በጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ ተዋጉ። ከአራት ወር በላይ ማለት ነው። «ክተት» የሚለውን ቃል ልብ በሉት፤ ከከተተ የመጣ ነው፣ ሰብስቦ ማስገባት። የጦርነት ጥሪያችን «ውጡ» ከማለቱ በፊት «ሰብስቡ፣ አስገቡ» ይላል። ስለ ዐድዋ ስንጽፍ የምንቈጥረው ጠመንጃና መድፍ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ከሸዋ እስከ ትግራይ እያሳረፈ፣ እያስነሣ፣ እንደገና እያሳረፈ ያደረሰው የሰፈር ሥርዐት ግን ገና በቅጡ አልተጠናም። ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ርዕስ የሚፈልግ ካለ እነሆ።

ከድሉ በኋላ የሆነው ነገር ይበልጥ ይገርማል፤ አዲስ አበባ ልትጠቀለል ምንም አልቀራትም ነበር። በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ተቈርጦ አለቀ። በጥንቱ ልማድ እንጨት ሲያልቅ ከተማው ይነሣል፤ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ከተማዋን ካስቀሯት ነገሮች ዋናው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ማብቂያ ዓ.ም. ገደማ የገባው ይህ ዛፍ በፍጥነት አደገ፤ የእንጦጦንና የየካን ጋራ አለበሰ፤ የማገዶው ጭንቀት ቀለለ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በዚያው ዘመን ድንጋይና ቆርቆሮ እየበዛ ሄደ፤ የውጭ አገር መንግሥታት ሰፋፊ ቦታ እየተሰጣቸው ለጋሲዮን አቆሙ። የፈረንሳዩ፣ የእንግሊዙና የሩሲያው በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ዛሬ የካ በምንለው ወገን ናቸው፤ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» እስከ አሁን የሰፈር ስም ነው።

ሸራው ሄደ፤ ካርታው ቀረ። ግቢው በኮረብታው ላይ፣ መኳንንቱ በዙሪያው፣ እያንዳንዱ ከነጭፍራውና ከነአገልጋዩ፤ በመካከላቸው ወንዝና ባዶ ሜዳ። ራስ መኰንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር። በአውሮፓ ከተማ ዓይን ያየ ሰው ይህን «ፕላን የሌለው» ይለዋል። እኔ ግን የማየው አንድ ጧት ለመነቀል ተዘጋጅቶ የቆመ፣ ትእዛዙ ሳይመጣ የቀረ ሰፈር ነው። ጌታና ሎሌ፣ ሀብታምና ድኻ በአንድ አጥር ዙሪያ የሰፈሩት ጌታው ሲነሣ ሁሉም አብረው ስለሚነሡ ነው።

የመትከልና የመንቀል ዕውቀቱስ የት ሄደ? አንደኛው መጠጊያው ቤተ ክርስቲያን ነው። በየዓመቱ በከተራ ታቦታት ወደ ጃንሜዳ ወርደው በድንኳን ሲያድሩ፣ ሁሉም በየቦታቸው ሲያርፉ፣ አልቫሬዝ ያየው ሰፈር በከፊል ለአንድ ሌሊት ይመለሳል። ሁለተኛው መጠጊያ፣ የዕለት ተዕለቱ፣ ዕድር ነው።

ዕድር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ እየተስፋፋ የመጣ የከተማ ተቋም ነው፤ ከዋና ዋና ንብረቶቹም አንዱ ድንኳን ነው። በየካ በቀበናም ሆነ በኮተቤ ሞት በተነገረ ሰዓት ወጣቶች ከዕቃ ቤት ብረቱን፣ ሸራውን፣ አግዳሚ ወንበሩን ተሸክመው ሲመጡ ታያላችሁ። ማን ምሰሶ እንደሚይዝ፣ ማን ሸራ እንደሚወጥር ትእዛዝ የሚሰጥ የለም፤ ሥራው በልማድ ይሄዳል። የድንኳኑ መከራ የሚመጣው በሣልስቱ፣ ሲነቀል ነው። በነሐሴ ዝናብ ሦስት ቀን የቆመ ሸራ ሳይደርቅ ከተጠቀለለ፣ ወይም ሰው ደክሞትና ቸኩሎ እንደ ነገሩ ከታጠፈ፣ ማንም ምንም አያይም፤ የዕቃ ቤቱ በር ይዘጋል። የሚታየው በሌላ ቀን፣ በሌላ ሐዘንተኛ ደጅ፣ ሸራው ሻግቶና ስፌቱ ለቆ ሲዘረጋ ነው። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ዕድሮች ፀሐይ በወጣ ቀን ሸራውን መልሰው የሚያሰጡት፤ ያልደረቀ ሸራ የሚመልስ አባል የሚቀጣባቸው ዕድሮችም አሉ።

አሁን በከተማችን ነባር ሰፈሮች እየፈረሱ ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ቦታ እየተዛወሩ ነው። ስለ ልማቱ አስፈላጊነትም ሆነ ስለ ካሳው ዛሬ አልናገርም፤ የሚሟገቱበት ሌሎች መድረኮች አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ የአነሣሡ ቅደም ተከተል ነው። የድሮው ሰፈር ሲነሣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተነሥቶ ከጎረቤቱ ጋር ያርፍ ነበር። ዛሬ ግን አንዱ ቤተሰብ በዕጣ ወደ አንድ የጋራ መኖሪያ፣ ሌላው ከከተማዋ ዳር ወዳለ ሌላ መኖሪያ ሲሄድ፣ አንድ ዕድር በአራትና በአምስት አቅጣጫ ይበተናል። ድንኳኑ ግን አንድ ነው። አንዳንዶች ሸጠው ገንዘቡን ይከፋፈላሉ፤ አንዳንዶች በርቀት ሆነው ለመቀጠል ይሞክራሉ፣ ለቀብር ለመድረስ ሁለት ታክሲ እየያዙ። ያ ዕድር በአዲሱ ቦታ መዘርጋት አለመዘርጋቱ የሚታወቀው ሲፈርስ አይደለም፤ በአዲሱ ሕንፃ የመጀመሪያው ሰው ሲሞት ነው።

ተማሪዎቼ ስለዚህ ወደ መዛግብት ቤት ብቻ ሳይሆን ወደ ዕድር ጸሐፊዎችም ሂዱ። መዝገባቸው ውስጥ ድንኳን መቼ ተገዛ፣ በስንት ብር፣ ከሸማ ወደ ሸራ ከሸራ ወደ ፕላስቲክ መቼ ተለወጠ፣ ማን ተዋሰው፣ እርጥብ አድርጎ በመመለሱ ማን ተቀጣ የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። የብዙዎቹ መዝገብ በግለሰብ ቤት፣ በሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ቤቱ ሲፈርስ ሣጥኑም አብሮ ይጓዛል ወይም ይጣላል። በዚህ ወር ብትጀምሩ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በቀበና ዳርቻ ካሉት መነሣት ትችላላችሁ።